ወጣ፣ ወጪ፣ ያዋጣል

«ሰው ወደ ጠፈር መውጣቱ ወጪውን ያዋጣል ወይ?» ብሎ በአማርኛ የጠየቀ ሰው አንድን ሥር ሦስት ጊዜ ጠራ። መውጣት፣ ወጪ፣ ማዋጣት፤ ሦስቱም የ«ወጣ» ልጆች ናቸው። ዩሪ ጋጋሪን ሚያዝያ 12 ቀን 1961 ምድርን በ108 ደቂቃ ዞሮ ከተመለሰ ወዲህ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ጥያቄው አላረፈም፦ ሰው ይሂድ ወይስ ማሽን ይላክ? በቁጥር የሚከራከሩ ሞልተዋል። እኔ ከቃላቱ ልጀምር፤ ቁጥሩም በየመንገዱ ይገኛል።

ወጣ በግእዝ ወፅአ ነው። ፀ ወደ ጠ ዞረ፣ መጨረሻው አልፍ ሟሸሸና ረጅም አናባቢ ብቻ ቀረ፤ መጽአ «መጣ» እንደሆነው ሁሉ። ግእዝ ግን በዚህ ቃል ቁጥብ ነበር። ከውስጥ ወደ ውጭ ሲሆን ወፅአ፣ ከታች ወደ ላይ ሲሆን ዐርገ። እስራኤል ከግብፅ ሲወጡ መጽሐፉ ኦሪት ዘፀአት ተባለ፤ ጌታ ወደ ሰማይ ሲወጣ በዓሉ ዕርገት። አማርኛ ሁለቱን በአንድ ግሥ ጠቀለላቸው። ከቤት ይወጣል፣ ዳገት ይወጣል፣ ፀሐይ ትወጣለች፣ ዕጣ ይወጣል፣ ለሕፃን ስም ይወጣለታል፣ ከኪስም ገንዘብ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ዘሩ ተባዛ፦ ወጪ፣ ውጭ፣ መውጫ፣ መዋጮ፣ ውጤት። «አያዋጣም» የሚለው የነጋዴ ፍርድም ከዚሁ ቤት ነው።

ገንዘብን «ወጣ» ማለት የእኛ ብቻ አይደለም። ዕብራይስጥ «ያጻ» ብሎ ከወጣ በኋላ ወጪን «ሆጻአ» ይለዋል፤ ሥሩ የወፅአ ወንድም ነውና አያስደንቅም። የሚያስደንቀው ሩስኛ ነው፤ ዘሩ ከሴም ቋንቋዎች ጋር አይነካካም። «ኾድ» መሄድ ነው። «ራስኾድ» ወጪ፣ «ዶኾድ» ገቢ፣ «ቪኾድ» መውጫና መውጣት። አሌክሴይ ሌኦኖቭ መጋቢት 18 ቀን 1965 ከመንኮራኩሩ ወጥቶ 12 ደቂቃ በባዶው ሲንሳፈፍ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ድርጊቱን «የጠፈር እርምጃ» አሉት። ሩሲያውያን «ቪኾድ» አሉ፤ ፀአት። ልብሱ በግፊት ተነፍቶ ወደ መግቢያው አልመለስ ሲለው አየሩን ማስተንፈስ ነበረበትና፣ ከባዱ መውጣቱ ሳይሆን መግባቱ ሆነ። ሮማውያን ደግሞ ሌላ መንገድ መርጠዋል። «ኤክስፔንዴሬ» መዝኖ መስጠት ነው፣ ብር በሚዛን ከሚቆጠርበት ዘመን የቀረ። ለሮኬት ሒሳብ ከሁሉ የሚቀርበው ይሄ ይመስለኛል፤ እያንዳንዱ ኪሎ ግራም ይመዘናል። ሰው ሲሳፈር ደግሞ አየሩ፣ ውኃው፣ ስንቁና የመመለሻ ነዳጁ አብረው ሚዛን ላይ ይወጣሉ። ማሽን መመለስ የለበትም። የወጪው ልዩነት ዋናው ምንጭ እዚህ ነው፤ ሌላው ዝርዝር ነው።

ወዴት ነው የሚወጣው? ወደ ጠፈር። በግእዝ ጠፈር ጣሪያ ነው፤ የቤት ክዳን፣ ቀጥሎም በኦሪት ዘፍጥረት ውኃን ከውኃ የለየው የሰማይ ክዳን። ጽኑ ነገር መሆኑን ሌሎቹ ቋንቋዎችም ተስማምተውበታል። ዕብራይስጡ «ራቂዓ» ተቀጥቅጦ የተዘረጋ ብረትን ያስታውሳል፤ ግሪኩ «ስቴሬኦማ»፣ ላቲኑም «ፊርማሜንቱም» ብለው ጠንካራውን አጸኑት። በአማርኛ ጠፍር የቆዳ ማሰሪያ ነው፤ የጠፍር አልጋ የተኛ ያውቀዋል። «ጠፍሮ አሰረው» እንላለን። ያ የተዘጋ ጣሪያ ዛሬ ማለቂያ የሌለው ባዶ ስፍራ መጠሪያ ሆኗል። ትርጉም እንዲህ ሲገለበጥ ማየት ደስ ይላል። ቃሉ ግን የድሮውን ሙሉ በሙሉ አልረሳም፦ ወደ ጠፈር የሚወጣው ሰው ወንበሩ ላይ ተጠፍሮ ነው የሚወጣው።

ሰውዬውን ጠፈርተኛ አልነው። ቅጥያው ታሪክ አለው። ስደት ስደተኛን፣ ጉልበት ጉልበተኛን ሲወልዱ «ት»ዋ የራሳቸው ናት፣ ቅጥያው «ኛ» ብቻ ነው። ዋና ግን ዋናተኛ፣ ሥራም ሠራተኛ ሲሆኑ «ት»ዋ ከጎረቤት ተበደረች፤ ጠፈርም የተበደረውን ይዞ ገባ። መርከበኛ ብድር አላስፈለገውም። መርከበኛን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አስትሮናውት በግሪክ ሥሩ የኮከብ መርከበኛ፣ ኮስሞናውትም የኮስሞስ መርከበኛ ነውና። ኮስሞስ ሥርዓትና ጌጥ ነው፤ የመዋቢያ ሱቅ በር ላይ «ኮስሞቲክስ» ብሎ የተለጠፈው የዚሁ ዘመድ ነው። አማርኛ መርከቧን ትቶ ስፍራውን ብቻ ያዘ።

አሁን ወደ ተፎካካሪው። ሮቦት የቼክ ቃል ነው። ካሬል ቻፔክ በ1920 ባሳተመው «አር ዩ አር» በተባለው ተውኔት ውስጥ ተወለደ፤ ቃሉን የሰጠው ግን ሠዓሊው ወንድሙ ዮሴፍ ነው። ካሬል ከላቲን «ላቦር» ሌላ ስም ሊያበጅ ነበር። «ሮቦታ» ጭሰኛ ለጌታው በግዴታ የሚሠራው ሥራ ነው፤ በሀብስበርግ ግዛቶች እስከ 1848 ቆይቷል። የስላቭ ሥሩም ሥራንና ባርነትን አንድ ላይ ይዟል።

ይህን ያነበበ የግእዝ ተማሪ ከወንበሩ መነሣቱ አይቀርም። ገብረ «ሠራ» ነው፤ ገብር «ባሪያ፣ አገልጋይ»፤ ግብር «ሥራ»። አማርኛ ገባርን ጨመረ፤ መሬት ይዞ ለባለ ጉልቱ የሚገብር፣ እህሉንም ጉልበቱንም የሚሰጥ። ፕራግ ላይ «ሮቦታ» የነበረበት ሰው እዚህ ገባር ይባል ነበር። ቻፔክ አማርኛ ተናጋሪ ቢሆን ተውኔቱ ውስጥ ሮቦት ሳይሆን ገባር ይነሣ ነበር ብል አላጋንንም። በዕብራይስጥ ደግሞ እነዚሁ ሦስት ፊደላት «ጌቬር» ይሆናሉ፤ ወንድ፣ ጐልማሳ። ገብርኤል የሚለው ስም ከዚያ ነው። ሰውና አገልጋይ በአንድ አጥር ግቢ ተገናኙ።

ግብር ሌሎች ሁለት ትርጉሞችም አሉት፤ ለክርክራችን ወሳኞቹ እነሱ ናቸው። አንደኛው ለመንግሥት የሚከፈለው ነው። የአፖሎ ፕሮግራም በዘመኑ ገንዘብ ወደ 25 ቢሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ ያ ሁሉ የአሜሪካውያን ግብር ነበር። ሁለተኛው ንጉሥ ለሠራዊቱና ለሕዝቡ የሚያበላው ግብር ነው፤ አዳራሹ ሞልቶ፣ ሥጋው ተቆርጦ፣ ጠጁ ተቀድቶ፣ ሁሉም እያየ። የተሰበሰበው ግብር ተመልሶ ግብር ሆኖ ይበላል። ሰው ጨረቃ ላይ ሲረግጥ ዓለም በቴሌቪዥን አፍጥጦ ያየው ትዕይንት ከዚህ ሁለተኛው ግብር ጋር እጅግ ይመሳሰላል። ይህን ስል ማቃለሌ አይደለም፤ ንጉሥ ግብር የሚያበላው ለዋዛ አልነበረም፣ አገር በዚያ ትታሰር ነበር። ነገር ግን የግብር አዳራሽ ወጪ በጎተራ ገቢ አይለካም።

ሰው አልባ። ዛሬ ያለ አብራሪ ለሚበርረው ሁሉ የምንሰጠው ስም ነው። ግእዝ «ቦ» ሲል «አለው»፣ «ባ» ሲል «አላት» ነው፤ አሉታውን አል ሲጨምር አልቦ «የለውም»፣ አልባ «የላትም» ይሆናሉ። ስለዚህ «ሰው አልባ መንኮራኩር» ፊደል በፊደል ሲፈታ «ሰው የላትም» ነው፣ መንኮራኩሯም ሴት ሆና። ሰው ራሱ ከግእዝ ሰብእ ወረደ፤ «ብ» ላልቶ «ው» ሆነ። ሰብአዊ ስንል አሮጌው ይመለሳል። ኮከብ ተከትለው ቤተ ልሔም የደረሱትም ሰብአ ሰገል ናቸው፣ ጥበበኞቹ ሰዎች።

በስሙ ግን አልስማማም። ኅዳር 17 ቀን 1970 ሉኖኾድ 1 (የጨረቃ ሂያጅ፤ «ኾድ» እንደገና መጣ) ስምንት ጎማውን ይዞ ጨረቃ ላይ ወረደ። የሚነዱት ክራይሚያ ውስጥ ማያ ፊት የተቀመጡ አምስት ሰዎች ነበሩ፤ አዛዥ፣ ነጂ፣ አቅጣጫ ጠቋሚ፣ መሐንዲስ፣ የአንቴና ባለሙያ። ጨረቃ ቅርብ ናት፤ ምልክት በ1.3 ሴኮንድ ይደርሳል። ማርስ ግን ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ትወስዳለች፤ ስለዚህ የማርስ ነጂዎች የቀኑን ትእዛዝ ጠቅልለው ይልኩና ይጠብቃሉ። ሰው አለ፤ ሩቅ ነው እንጂ። ማሽኖቹን ሰው አልባ ከማለት ሩቅ ሰው ማለት ይቀርበኛል።

መንኮራኩር ከግእዝ አንኰርኰረ «አንከባለለ» የመጣ ነው፤ ቃሉ ራሱ ሲነገር ይንከባለላል። ሕዝቅኤል በራእዩ ያየው መንኮራኩር ተራ ትርጉሙ የሠረገላ እግር ነበር። አማርኛ ይህን ቃል አንሥቶ ጎማ ለሌላት የጠፈር መርከብ ሲሰጣት ራእዩን እያሰበ ይመስላል። ቆይቶ ግን ማርስ ላይ ስድስት ጎማ ያላቸው ወረዱና ቃሉ ወደ ትርጉሙ ተመለሰ። ስማቸው በእንግሊዝኛ «ሮቨር» ነው፤ ዞሪ፣ ተንከራታች። ፕላኔትም በግሪክ ትርጉሙ ያው ተንከራታች ነው። በተንከራታች ላይ ተንከራታች።

ከነዚህ አንዷ ስፒሪት ናት። ጥር 2004 ጉሴቭ በተባለው ጉድጓድ ወረደች፤ የተሠራችው ለ90 የማርስ ቀናት ነበር። በ2006 የፊት ቀኝ ጎማዋ ሞተ። ነጂዎቿ ወደ ኋላ እየነዱ የማይዞረውን ጎማ እንደ ማረሻ ያስጎትቷት ጀመር። በ2007 ያ ጎማ አፈሩን ገልጦ ሲያልፍ ከሥሩ ነጭ ነገር ታየ። ሲመረመር 90 በመቶ ገደማው ሲሊካ ሆነ። እንዲህ ያለው ክምችት በፍል ውኃ ወይም በእሳተ ገሞራ እንፋሎት የሚሠራ ነው፤ ማርስ ላይ ሙቅ ውኃ እንደነበረ ከተገኙት ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው። የተበላሸ ጎማ አገኘው።

አጠገቡ ሌላ አፈር ላስቀምጥ። ታኅሣሥ 1972 አፖሎ 17፤ ሃሪሰን ሽሚት፣ ጨረቃን የረገጠው ብቸኛ ባለሙያ ጂኦሎጂስት፣ ሾርቲ በተባለ ጉድጓድ ጠርዝ ሲራመድ ጫማው ግራጫውን አፈር ጫር አደረገውና ብርቱካናማ ቀለም ታየው። ወዲያው ቆሞ ቆፈረ። ደቃቅ የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ጠብታዎች ነበሩ፣ ከ3 ቢሊዮን ዓመት በላይ የቆዩ፤ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ ምሁራን በውስጣቸው የውኃ ቅሪት አግኝተዋል። ሽሚትና ጓደኛው ዩጂን ሰርናን በሦስት ቀን 36 ኪሎ ሜትር ገደማ ነዱ። የስፒሪት እኅት ኦፖርቹኒቲ 45 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 14 ዓመት ፈጀባት።

እዚህ ላይ ነው ግሡ የሚያግዘን። አሰሳ ከአሰሰ፣ አሰሰም ከግእዝ ኀሠሠ «ፈለገ» ነው። የግእዝ ጓደኛው ረከበ «አገኘ» ነው። (ረከበ በዐረብኛና በዕብራይስጥ መሳፈር ነው፤ መርከብንና የዕብራይስጡን ሠረገላ «መርካቫ»ን የሚያገናኘው እሱ ነው። መጽአ «መጣ» ደግሞ በዕብራይስጥ «አገኘ» ሆኖ ይገኛል። መሄድና ማግኘት በሴም ቤት ቦታ ይለዋወጣሉ።) ኀሠሠ የትዕግሥት ግሥ ነው፣ ረከበ የቅጽበት። ኦፖርቹኒቲ ኀሠሠች፤ ሽሚት ረከበ። የሁለቱ ሮቨሮች ዋና ተመራማሪ ስቲቭ ስኳየርስ ራሱ ማሽኖቹ በአንድ ቀን የሚሠሩትን ሰው በቦታው ቢኖር ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ እንደሚጨርሰው ጽፏል። ሮቦት ወዳዱ ሰው ይህን ሲል መስማት አለብን።

ሚዛኑም ይመሰክራል። ስድስቱ የአፖሎ ጉዞዎች 382 ኪሎ ግራም ድንጋይና አፈር ይዘው ተመለሱ። በዚያው ዘመን ሦስቱ የሶቪየት ሉና ማሽኖች ያመጡት በድምሩ 330 ግራም አይሞላም። ግን ዘመን ያልፋል፦ የቻይና ቻንግዔ 5 በ2020 1,731 ግራም፣ ቻንግዔ 6 በ2024 ከማይታየው የጨረቃ ጀርባ 1,935 ግራም አመጡ። ያንን ጀርባ የረገጠ ሰው እስካሁን የለም። ወጪው ደግሞ አይወዳደርም። የማርስ ሮቨሯ ኪዩሪዮሲቲ 2.5 ቢሊዮን ዶላር ፈጀች። በ2022 የናሳ ዋና ኢንስፔክተር ለምክር ቤቱ እንደተናገሩት ሰውን ወደ ጨረቃ ለመመለስ ከታቀደው ከአርጤምስ ፕሮግራም የመጀመሪያ አራት ጉዞዎች እያንዳንዱ 4.1 ቢሊዮን ይፈጃል። ሕንድ በ2023 ቻንድራያን 3ን ጨረቃ ላይ ያሳረፈችው በ75 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። በምድር ዙሪያ ያሉትን የጨረር ቀበቶዎች ያገኘው ጄምስ ቫን አለን እንዲህ ያለውን ሒሳብ ዕድሜ ልኩን ሲሠራ ኖሮ በ2004 የሰው በረራ ጊዜው አላለፈበትም ወይ ሲል ጠየቀ። የእሱ ግኝት ራሱ ሰው ባልተሳፈረበት በኤክስፕሎረር 1 የተጀመረ ነበር።

ስም አወጣጡን ልብ ያለ አንድ ነገር ያያል። አሜሪካውያን ሰው የተሳፈረባቸውን ሜርኩሪ፣ ጀሚናይ፣ አፖሎ፣ አርጤምስ አሏቸው፤ አማልክትና ከዋክብት። ማሽኖቹን ደግሞ መንፈስ፣ ዕድል፣ ጉጉት፣ ጽናት። ለሰው የአምላክ ስም፣ ለማሽን የሰው ጠባይ። የመጀመሪያዋ የማርስ ተሽከርካሪ በ1997 ሶጆርነር ተባለች፣ በጸረ ባርነት ታጋይዋ በሶጆርነር ትሩዝ ስም፤ ትርጉሙ መጻተኛ ነው፣ ይኸውም ከመጽአ። ሩሲያውያን ለጋጋሪን ቮስቶክ አሉ፣ ምሥራቅ፤ ቃሉ ውስጥ «ወደ ላይ» አለ፣ የእኛም ምሥራቅ ከሠረቀ «ወጣ፣ በራ» ነው። ሕንዶች ለሁለቱም አንድ ቃል ሰጡ፦ ቻንድራያን «የጨረቃ ተሽከርካሪ»፣ ሰው የሚሳፈርበት ጋጋንያን «የሰማይ ተሽከርካሪ»። ሰውም ማሽንም በአንድ «ያና» ይሳፈራሉ። ይህ ትሕትና ልቤን ይነካዋል።

ሳተላይት በላቲን አጃቢ፣ ዘበኛ ነው፤ ኬፕለር የጁፒተርን ጨረቃዎች እንዲህ ጠራቸው። ስፑትኒክ የመንገድ ጓደኛ። የእኛዋ ኢቲአርኤስኤስ 1 ታኅሣሥ 20 ቀን 2019 ከቻይናው ታይዩዋን ስትነሣ ጋዜጦቻችን «መጠቀች» አሉ፤ ምጡቅ አእምሮ የምንለው ከዚሁ ግሥ ነው። ከተሰጧት ሥራዎች አንዱ ግብርናን መከታተል ነበር። ገብረ እስከ ምሕዋር ተከተለን።

ማሽን ይላካል። ለአከ «ላከ»፤ ከሱ መልአክ፣ መልእክት፣ ተልእኮ። ሰው ይወጣል። ክርክሩ መቋጫ የሚያጣው ሁለቱ ግሦች ሲቀላቀሉ ይመስለኛል። ለዕውቀት ገንዘብ ይሰጠን የሚሉ በኀሠሠ ይዳኙ፤ በዚያ ችሎት እኔ ለሩቁ ሁሉ የማሽኖች ምስክር ነኝ። ሰው ይውጣ የሚሉ ደግሞ ዕርገትን በስሟ ይጥሯት፣ በሳይንስ ካባ አይሸፍኗት። ከምድር አጠገብ ግን እጅ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ሀብል ቴሌስኮፕ በ1990 ሲመጥቅ መስተዋቱ ከፀጉር ውፍረት አንድ ሃምሳኛ ያህል ስቶ ተስሎ ነበር፤ በታኅሣሥ 1993 ጠፈርተኞች ወጥተው ጠገኑት፣ እስከ 2009 ድረስም አራት ጊዜ ተመልሰው ጎበኙት። ያንን ሥራ የዚያ ዘመን ሮቦት አይሠራውም ነበር።

ለእኔ ወገን የሚከብደው ማምጣት ነው፤ አመጣ፣ ከመጽአ። የማርስ ሮቨሯ ፐርሲቪራንስ ከ2021 ጀምሮ ጄዜሮ በተባለው ጉድጓድ ድንጋይ እየቆፈረች በቱቦ ታሽጋለች። ያንን ወደ ምድር ለማምጣት የወጣው እቅድ በ2024 እስከ 11 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ተነገረና ናሳ ራሱ እጅግ በዛ አለ። ሮቦትም ሲመለስ ውድ ነው፤ መመለስ ያስወድዳል። እንዲያም ሆኖ ማርስ ላይ የሚወጣው ቢሊዮን ከሰው ስንቅ በፊት ለእነዚያ ቱቦዎች ይሁን እላለሁ። ድንጋዩ ውስጥ ሕይወት ካለ፣ በሰው እስትንፋስና ላብ ሳይበከል መታየት ያለበት አሁን ነው፤ ሰው አንድ ጊዜ ከረገጠ በኋላ የትኛው የማርስ፣ የትኛው የኛ እንደሆነ መለየት ይቸግራል።